ያኩዛን የሰፈር ዘበኛ ላደረጉት ጸሐፊ

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከልኝ ወዳጄ «አንብበህ የሚመስልህን ንገረኝ» ብቻ ነው ያለኝ። ጽሑፉ ስለ ጃፓኑ ያኩዛ ነው። ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ ያኩዛ የሳሙራይ ክብር ወራሽ ነው፤ ሕዝብ ሲቸገር ከመንግሥት ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰላማዊ ሰው አይነካም፤ ጃፓን ሰላም የሆነችውም እሱ ሰፈሩን ስለሚጠብቅ ነው፤ መንግሥት በሕግ ሲያሳድደው ግን የባሰ፣ መልክ የሌለው ወንጀለኛ ተፈለፈለ። ማሳረጊያው ደግሞ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረት ነው።

አጻጻፉ ይጥማል። እኔም በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቄ እነዚያን ጀርባቸውን በንቅሳት የሸፈኑ ሰዎች አፌን ከፍቼ ያየሁ ነኝና ጸሐፊው ለምን እንደማረኩት ይገባኛል። ነጥቦቹ አንድ በአንድ ሲነሡ ግን አብዛኞቹ ይወድቃሉ። አንዱ ይቆማል፤ እሱን መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሳሙራዩ እንጀምር። ያኩዛ የሚለው ስም ራሱ ለጸሐፊው አይመሰክርለትም። ያ ስምንት፣ ኩ ዘጠኝ፣ ዛ ደግሞ ሦስት ነው። በድሮው የጃፓን የካርታ ቁማር እነዚህ ሦስቱ ሲደመሩ 20 ይመጣል፤ በጨዋታው የሚቆጠረው የመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ስለሆነች 20 ማለት ባዶ ነው። ስለዚህ ያኩዛ «የማይረባ ካርታ» እንደማለት ነው። ዘራቸው ወደ ኋላ ሲቆጠር በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) ከነበሩ ሁለት ዓይነት ሰዎች ላይ ይደርሳል፦ ባኩቶ ከሚባሉ ቁማርተኞችና ቴኪያ ከሚባሉ፣ በየንግሡ በየገበያው እየዞሩ ከሚቸረችሩ ነጋዴዎች። ሳሙራይነቱ በኋላ የተለጠፈ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። ዛሬም ራሳቸውን «ኒንክዮ ዳንታይ» ይላሉ፣ የጀግኖችና የሩኅሩኆች ማኅበር እንደማለት። ፖሊስና ሕጉ ደግሞ «ቦርዮኩዳን» ይሏቸዋል፣ የጉልበተኛ ቡድን። ጸሐፊው ከሁለቱ ስሞች የመረጠው ባለቤቶቹ ለራሳቸው ያወጡትን ነው።

«እንደኛ አገር ሽፍታ ናቸው» ይላል ደግሞ። እዚህ ላይ ለሽፍታው ልከራከርለት ነው። ሽፍታ ተበደልኩ ብሎ ቤት ንብረቱን ጥሎ ጫካ ይገባል። ያኩዛ የትም አልገባም። ትልቁ ቡድን ያማጉቺ ጉሚ በ1915 ኮቤ ከተማ ተመሠረተ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም እዚያው ከተማ ናዳ ወረዳ፣ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ውስጥ፣ ሁሉም የሚያውቀው ግቢ ነው። አባላቱ የቡድኑ አርማ የታተመበት ቢዝነስ ካርድ ነበራቸው። ካርዷን አውጥቶ በጨዋ ደንብ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ብዙ ጊዜ ከዱላ ይበልጥ ይሠራ ነበር። በ1992 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ መጀመሪያ ያነጣጠረውም እዚህ ላይ ነው፦ የቡድኑን ስም እያሳዩ ሰውን ገንዘብ መጠየቅ።

ወደ መሬት መንቀጥቀጡ ልለፍ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ኮቤን ያፈራረሰው አደጋ ከ6,000 በላይ ሰው ገደለ። መንግሥት ሲንቀረፈፍ የያማጉቺ ጉሚ ሰዎች ውሃ፣ ምግብና የሕፃናት ዳይፐር አደሉ። እውነት ነው። በ2011ም ሱናሚው ከመታ በኋላ ያኩዛ በጭነት መኪና እርዳታ ልኳል። የጠማው ሰው ውሃውን ማን እንደሰጠው እንዲጠይቅ አይጠበቅበትም። ከሩቅ ሆነን የምናነብ እኛ ግን «ከዚያስ?» ማለት እንችላለን። ከዚያማ ሱናሚው በጎዳው በፉኩሺማው የኒውክሌር ጣቢያ የሚሠራ ሰው ሲጠፋ ያኩዛ የኖረበትን የጉልበት ሠራተኛ ደላላነት ይዞ ብቅ አለ። በ2012 ከሱሚዮሺ ካይ ቡድን ጋር የተያያዘ አንድ አለቃ ወደ ጣቢያው በሕገ ወጥ መንገድ ሠራተኛ ልኳል ተብሎ ታሰረ። የዚህ ሥራ ወግ የታወቀ ነው፦ ጨረር ውስጥ የሚገባው ሠራተኛው፣ ከቀን ሂሳቡ ላይ የሚቆርጠው ደላላው።

ጸሐፊው ያነሣት አንዲት ነገር ግን ለራሷ ቆንጆ ናት። ልጆች ከረሜላ እየጠየቁ በሚዞሩበት በሃሎዊን ቀን የኮቤው ዋና ጽሕፈት ቤት በሩን ከፍቶ ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ ያድል ነበር። አዎ፣ ያድል ነበር፤ ጸሐፊው የታሪኩን ጭራ ቆረጠው እንጂ። ያማጉቺ ጉሚ በ2015 ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ከተገነጠለው ወገን ጋርም መታኮስ ጀመረ። በኖቬምበር 2019 አመሻሽ ላይ፣ ከኦሳካ አጠገብ ባለችው አማጋሳኪ ከተማ፣ ከምግብ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ የተገንጣዩ ወገን አለቃ በወታደር ጠመንጃ ጥይት ተደብድቦ ተገደለ። መንገዱ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኮቤ ያለችበት የሂዮጎ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ደንቡን አሻሽሎ ቡድኖቹ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ገንዘብም ሆነ ዕቃ እንዳይሰጡ ከለከለ። ከረሜላ የሚከለክል ሕግ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል። ተኳሾች አድራሻውን የሚያውቁት በር ላይ ልጅህ ቅርጫት ይዞ ተሰልፎ ቢሆን ግን ትስቅ ነበር?

አሁን ወደ ትልቁ ነጥብ። «ያኩዛ እርስ በርሱ ይጋደላል እንጂ ሰላማዊ ሰው አይነካም።» ይህ ዓረፍተ ነገር የመጣው ከራሳቸው አፍ ነው፤ ተራውን ሰው «ካታጊ» ይሉታል፣ ካታጊን አንነካም ማለትም የቆየ ፉከራቸው ነው።

አንድ ትንሽ መጠጥ ቤት አስቡ። ባለቤቷ አንዲት ሴት ናት፤ በጃፓን መጠጥ ቤት እንግዳ ሲቀመጥ እጁን የሚጠርግበት የተጠቀለለ እርጥብ ፎጣ ይቀርብለታል። አንድ ቀን ጨዋ የሚመስል ሰው መጥቶ «ፎጣውን በየቀኑ እኛ እናመጣልሻለን» ይላታል። ሌላ ቀን «ለበርሽ አበባ ከነማሰሮው እናከራይሻለን»፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ «የአዲስ ዓመት ማስጌጫ ውሰጂ» ይላል። ዋጋው ገበያ ላይ ካለው በላይ ነው። ደረሰኝ እንኳ ሊሰጣት ይችላል! ሴትየዋ የምትከፍለው ለፎጣው እንዳልሆነ ታውቃለች። የምትገዛው ቤቷ እንዳይረበሽ ነው፤ የሚረብሸውም ያው ፎጣ አምጪው ነው። ይህ ክፍያ «ሚካጂሜ» ይባላል። ጸሐፊው «የሰፈር ጥበቃ አገልግሎት» ብሎ የጠራው ይህንን ነው። ጅብን ለሥጋ ዘበኛ መቅጠር ቢባል ይቀርበዋል።

አልከፍልም ያለ ምን ይሆናል? መልሱን ለማየት ኪታክዩሹ መሄድ ነው። በደቡብ ያለችው ይህች የፋብሪካ ከተማ የኩዶ ካይ ቡድን መናኸሪያ ነበረች። በኦገስት 2003 ኮኩራ በሚባለው የከተማው ክፍል አንድ ክለብ ውስጥ የእጅ ቦምብ ተወረወረ፤ ከአሥር የሚበልጡ ሴት ሠራተኞች ቆሰሉ። የክለቡ ኃላፊ ጥፋቱ ቡድኑን ከሰፈር ለማስወጣት በሚደረገው እንቅስቃሴ መሳተፉ ነበር። በ2012 ከተማዋ ያለችበት የፉኩኦካ ክፍለ ሀገር በደንቡ መሠረት መጠጥ ቤቶች «የቦርዮኩዳን አባል መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት በራቸው ላይ እንዲለጥፉ አደረገ። አንዲት ወረቀት ናት። ከዚያ በኋላ ወረቀቷን የለጠፉ ቤቶች ባሉባቸው ሕንፃዎች እሳት ተነሣ፤ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች በስለት ተወጉ። በዚያው ዓመት የኩዶ ካይን ጉዳይ ለዓመታት ሲከታተል የኖረ ጡረታ የወጣ ፖሊስ በጥይት ተመታ፤ ተረፈ። በጃንዋሪ 2013 ደግሞ አንዲት ነርስ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ላይ በስለት ተወጋች። የነርሷ ወንጀል ምን ነበር? የቡድኑ አለቃ ለውበት ሕክምና የሚመላለስበት ክሊኒክ ሠራተኛ ነበረች፤ በአያያዟ ቅር ተሰኝቶ ነበር። ይህን ያለው ፍርድ ቤት ነው። በ2014 የተወጋው የጥርስ ሐኪም ደግሞ በ1998 በጥይት የተገደለው የዓሣ አጥማጆች ኅብረት ሥራ ማኅበር የቀድሞ ኃላፊ ዘመድ ነው፤ ከጀርባው ያለው የወደብ ግንባታ ጥቅም ነው።

ነርስ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የመጠጥ ቤት አስተዳዳሪ። ከእነዚህ የትኛው ነው ያኩዛ?

የመንግሥት ምላሽ ዘገምተኛ ነበር፤ ይህን መካድ አልፈልግም። በ2012 ሕጉ ተሻሻለና በዲሴምበር ኩዶ ካይ «ልዩ አደገኛ» ተብሎ ተመደበ፤ እስካሁን ይህ ስም የተሰጠው እሱ ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 2014 ፖሊስ የላይኛውን ጫፍ ያነጣጠረ ዘመቻ ብሎ አለቃውን ኖሙራ ሳቶሩንና ምክትሉን ያዘ። ዓቃቤ ሕግ አለቃው ትእዛዝ ሲሰጥ የሰማ ምስክር አልነበረውም። ይዞ የቀረበው የቡድኑን አሠራር ነው፦ በዚህ ዓይነት ቤት ከላይ ሳይታዘዝ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። በኦገስት 2021 የፉኩኦካ ፍርድ ቤት በአለቃው ላይ ሞት ፈረደ። እሱም ዳኛውን «ዕድሜ ልክህን ትጸጸታለህ» አለው። ሰላማዊ ሰው የማይነካው ሰው ለዳኛ የተናገረው ይህ ነው። በማርች 2024 የይግባኙ ፍርድ ቤት የ1998ቱን ግድያ ማስረጃ አልበቃ ብሎት በዚያ ነጥብ ነፃ አድርጎ ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ ዝቅ አደረገው። ይህን ሆን ብዬ ጻፍኩት፤ ፍርዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሄደ አስመስሎ ማቅረብ ጸሐፊው በሠራው ስሕተት መውደቅ ይሆንብኛል። የኩዶ ካይ ዋና ጽሕፈት ቤት ግን ፈርሷል። ቦታውን የገዛው ቤት አልባዎችን ሲረዳ የኖረ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው።

ኪታክዩሹ ለብቻዋ ናት የሚል ካለ፣ በአፕሪል 2007 የናጋሳኪ ከንቲባ ኢቶ ኢቾ ለምርጫ ሲቀሰቅሱ ከኋላቸው ተተኩሶባቸው ሞቱ። ተኳሹ በያማጉቺ ጉሚ ሥር ያለ ቡድን አባል ነበር። በ1992ም ያኩዛን መፍራት እንደማያስፈልግ የሚያሳይ ፊልም የሠራ ዳይሬክተር፣ ፊልሙ በወጣ በቀናት ውስጥ ቤቱ አጠገብ ፊቱን በስለት ተተለተለ።

«ሰላም የሆነው እነሱ ስለሚጠብቁ ነው» ለሚለው ቁጥር ይበቃል። ያኩዛ በ1963 ወደ 184,000 አባላት ነበሩት። በ1992 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በጸደቀበት በ1991 ወደ 91,000 ገደማ ነበሩ፤ በ2024 መጨረሻ ተባባሪዎችን ጨምሮ 18,800። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንጀል ቢያንስ በእጥፍ ማደግ ነበረበት፣ ጠባቂው ሄዷላ። የሆነው ግን ሌላ ነው፦ በ2002 ወደ 2.85 ሚሊዮን ደርሶ የነበረው የተመዘገበ ወንጀል በ2021 ከ570,000 በታች ወረደ። ከ2022 ወዲህ እንደገና ከፍ ብሏል፤ በ2024 ወደ 737,000 ነው። ቢሆንም ከ2002ቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

«ሕጋዊ ናቸው፤ ፖሊስም ያውቃል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የጃፓን ሕገ መንግሥት የመደራጀትን ነፃነት ስለሚጠብቅ አባልነት በራሱ ወንጀል አልሆነም። ሕጉ ቡድኖችን አላፈረሰም፤ «የተመደበ ቦርዮኩዳን» እያለ መዘገባቸው እንጂ። መሥፈርቱም የወንጀል ሪኮርድ ያለባቸው አባላት መጠን፣ ተዋረዱና ገንዘብ የማግኛ ዘዴው ነው። ከዚያ በፊት የነበረውማ ጸሐፊው ከጻፈውም የባሰ ነው። በ1960 ከአሜሪካ ጋር የተደረገውን የጸጥታ ስምምነት የሚቃወመው ሰልፍ ሲያይል፣ የገዢው ፓርቲ ሰዎች በቀኝ አክራሪው የፖለቲካ ደላላ በኮዳማ ዮሺዮ በኩል ያኩዛን አሰልፈው የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የአይዘንሃወርን ጉብኝት ሊያስጠብቁ አስበው ነበር፤ ጉብኝቱ ቀረ። ጸሐፊው ይህንን «የመተማመን ምልክት» ይለዋል። እኔ ፖለቲከኞች ያኩዛን ለምን ሠላሳ ዓመት ሕግ ሳያወጡበት እንደቆዩ የሚያስረዳ ይመስለኛል።

ሰፈር ማን እንደሚጠብቅ ማየት የሚፈልግ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ወደ ነበረችው ሃማማትሱ ይመለስ። ኤቢትሱካ በሚባል ሰፈር አንድ የያኩዛ ቡድን ሕንፃውን ጥቁር ቀባና ቢሮ አደረገው። ነዋሪዎቹ ከፊት ለፊቱ መጠበቂያ ጎጆ ቀልሰው ገቢ ወጪውን በካሜራ ይቀርጹ ጀመር። መስኮት ተሰበረ፣ ጠበቃቸውም ተወጋ። እነሱ ግን አልተነሡም፤ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1988 ቡድኑ ቢሮውን ለቀቀ። ዛሬ እንዲህ ያለ ክስ ሲመሠረት ነዋሪው ስሙን እንዳይጽፍ በየክፍለ ሀገሩ ያለ ማዕከል በእነሱ ፈንታ መክሰስ ይችላል፤ ይህ የመጣው ከ2012ቱ የሕግ ማሻሻያ ነው።

የቀረው «ሕጉ የባሰ ነገር አመጣ» የሚለው ነው፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ነው ጠንከር የሚለው። ከ2010 ጀምሮ ፉኩኦካ ቀድማ፣ በኦክቶበር 2011 ቶኪዮና ኦኪናዋ አሳርገው፣ 47ቱም ክፍለ ሀገሮች ያኩዛን የማግለያ ደንብ አወጡ። ብልሃቱ ከያኩዛው ይልቅ ከእሱ ጋር የሚሠራውን መያዙ ነው። ቤት ስትከራይ፣ ሂሳብ ስትከፍት፣ ኢንሹራንስ ስትገባ «ቦርዮኩዳን አይደለሁም» ብለህ ትፈርማለህ። ያኩዛ ሆኖ ከፈረመ ያ ፊርማ ማጭበርበር ነው፤ በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማንነቱን ደብቆ የባንክ ሂሳብ የከፈተን አባል በዚሁ ጥፋተኛ አድርጎታል። ሽጉጥ ያላቆመውን ሰው ፎርም አቆመው።

ከዚያ ወዲህ ወጣት የማይገባበት ቤት ሆነ፤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ከ50 ዓመት በላይ ናቸው። ወጣቱ ደግሞ ፖሊስ «ቶኩርዩ» ብሎ ወደሰየማቸው፣ በስልክ ተሰባስበው ሥራቸው ሲያልቅ ወደሚበተኑ ቡድኖች ሄደ። በማኅበራዊ ሚዲያ «ያሚ ባይቶ»፣ የጨለማ የቀን ሥራ እየተባለ ማስታወቂያ ይወጣል። አመልካቹ መታወቂያውን ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤ ከዚያ በኋላ «ቤትህን፣ ወላጆችህን እናውቃለን» ይባላል። በ2022 እና በ2023 ማኒላ ውስጥ በስደተኞች ማቆያ ተቀምጠው ጃፓን ውስጥ ዝርፊያ የሚያዝዙ ሰዎች ነበሩ፤ በጃንዋሪ 2023 ቶኪዮ አጠገብ ኮማኤ ላይ አንዲት የ90 ዓመት አሮጊት በቤታቸው ተገደሉ። ይህ ያስፈራል፤ ጸሐፊው አላጋነነም።

ያጠፋው ሁለቱን ለየብቻ ማቆሙ ነው። አረጋውያንን በስልክ «ልጅህ ነኝ፣ ቸግሮኛል» እያሉ ማታለሉን ያኩዛ ራሱ ሠርቶበታል። በ2019 የሚቶ ፍርድ ቤት የሱሚዮሺ ካይን አለቆች፣ የበታቾቻቸው በስልክ ያታለሏቸውን ተጎጂዎች እንዲክሱ አዟል። ከቶኩርዩም ገንዘቡ ከፊሉ ወደ ያኩዛ እንደሚሄድ ፖሊስ ይናገራል። የሚያውቁት ሰይጣን የሚባለው ለማያውቁት ድርሻውን እየተቀበለ ነው። ፖሊስም ዘዴ ቀየረ፤ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ መርማሪዎች የሐሰት መታወቂያ ይዘው ለእነዚያ ማስታወቂያዎች ማመልከት ተፈቅዶላቸዋል።

የቆመው ነጥብ ይኸውና፦ ከያኩዛ የወጣ ሰው መተዳደሪያ ያጣል የሚለው። ከያኩዛ የወጣ ሰው ለአምስት ዓመት ያህል እንደ አባል ይቆጠራል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው፣ ትንሿ ጣቱ በቡድኑ ደንብ የተቆረጠች ሰው ሥራ ይጠይቃል። ቀጣሪው «ደመወዝ በባንክ ነው» ይለዋል። ባንኩ አይከፍትለትም። ስልክ በስሙ አያወጣም፣ ቤት በስሙ አይከራይም። ወጣ የተባለው ሰው አምስቱን ዓመት በምን ይኑር? የጃፓን ባለሥልጣናትም ችግሩን ስላዩት ቀጣሪ የተገኘላቸው ሰዎች ሂሳብ እንዲከፈትላቸው ባንኮችን እያግባቡ ነው፤ አካሄዱ ግን የኤሊ ነው። ጸሐፊው ለዚህ የሰጠው ሁለት መስመር ነው፣ እሱንም በከረሜላውና በሳሙራዩ መካከል ጨመቀው። ይህን ለብቻው ከጻፈው የመጀመሪያው አንባቢ እኔ ነኝ።